እቶኑ ያላሳየው

እ.ኤ.አ. በጁን 1990 ለንደን ውስጥ ብሮድጌት በተባለው ሰፈር በግንባታ ላይ የነበረ ባለ 14 ፎቅ ሕንፃ በእሳት ተያያዘ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እሳቱ የተነሣው ከሥራ ተቋራጩ ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ነበር፤ ለአራት ሰዓት ተኩል ያህል ነዶ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። ግንባታው ስላላለቀ አውቶማቲክ የውኃ መርጫው ሥራ አልጀመረም፤ ብረቱን ከእሳት የሚከልለው ልባስም ገና በብዙው የሕንፃው ክፍል አልተለበጠም። እሳቱ ጠፍቶ መሐንዲሶች ሲገቡ አንዳንድ ምሰሶዎች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው፣ 13 ሜትር ተኩል የሚረዝሙት የብረት ተሸካሚዎች ከግማሽ ሜትር በላይ ረግበው አገኟቸው። ሕንፃው ግን ቆሟል፤ የሞተም ሰው የለም። በገንዘብ ሲተመን ጉዳቱ ከ25 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲሆን፣ የሕንፃው አጽምና ወለሎቹ የደረሰባቸው ጉዳት ከ2 ሚሊዮን አልበለጠም።

ይህ በወቅቱ ለነበረው የምሕንድስና አስተሳሰብ እንቆቅልሽ ነበር። የግንባታ ብረት እስከ 400 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬውን ይዞ ይቆያል። 500 ሲደርስ 78 በመቶው፣ 600 ሲደርስ 47 በመቶው፣ 700 ሲደርስ 23 በመቶው ብቻ ይቀረዋል። በላቦራቶሪ እቶን ውስጥ የሚጠበቀው ሙቀት ደግሞ በግማሽ ሰዓት 842 ዲግሪ፣ በአንድ ሰዓት 945 ዲግሪ ነው። ስሌቱን በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ለሠራ ሰው፣ ልባስ የሌለው የብረት ሕንፃ ከአራት ሰዓት በላይ እሳት ችሎ መቆሙ ሊገባው አይችልም። እንቆቅልሹን ለመፍታት ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጀ፤ የፈቱትም ጥያቄውን ቀድሞውኑ ይዘው ይጠብቁ የነበሩ ጥቂት ተመራማሪዎች ናቸው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርበት ነጥብ ከዚሁ ይነሣል። የሕንፃ አጽም የእሳት ምሕንድስና የተባለው የጥናት መስክ ማስረጃ የሚያገኘው አልፎ አልፎ፣ ያውም ቀጠሮ ሳይሰጠው ነው። ስለዚህ ዕውቀቱን ጠብቆ የሚያቆየው በአንድ ጥያቄ ላይ ዕድሜውን የሚያሳልፍ ሰው ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ ሕንፃ የሚፈልግ ማኅበረሰብ ለሙከራው ብቻ ሳይሆን ለዚህ ሰው ዕድሜም መክፈል አለበት።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ እቶኑ እንመለስ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካ ውስጥ ከተሞች፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችና አምራቾች ሁሉም በየራሳቸው መንገድ የእሳት ሙከራ ያደርጉ ስለነበር የአንዱ ውጤት ለሌላው አይበጅም ነበር። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት አይራ ዎልሰን የመሩት ኮሚቴ በ1917 ሁሉንም ወደ አንድ መስመር አመጣቸው፤ እቶኑ በየደቂቃው ስንት ዲግሪ መድረስ እንዳለበት የሚደነግግ የሙቀት መስመር ጸደቀ። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት መስመርም የዚያ የቅርብ ዘመድ ነው። ስምምነቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም መስመሩ የተሠመረው በእውነተኛ ክፍል ውስጥ የሚነድ እሳት በቅጡ ሳይለካ ነው። ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ መቼም አይበርድም፤ እውነተኛ እሳት ግን የሚበላውን ሲጨርስ ይከስማል። ከዚህም በላይ እቶኑ ጠባብ ነው። የሚገባበት አንድ ምሰሶ ወይም ሦስት በአራት ሜትር የሚሆን የወለል ቁራጭ ነው። ቁራጩ በሕንፃው ውስጥ ከሚደግፉትና ከሚደግፋቸው ጎረቤቶቹ ተነጥሎ ብቻውን ይፈተናል፤ ከዚያም “የሁለት ሰዓት” የሚል ማዕረግ ይዞ ይወጣል።

ከእነዚህ ጉድለቶች የመጀመሪያውን፣ ማለትም የእሳቱን ጠባይ፣ ለማረም የተጉ ሰዎች ነበሩ። ሳይመን ኢንግበርግ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ በ1920ዎቹ ክፍሎችን በቢሮ ዕቃና በወረቀት ሞልተው እያቃጠሉ፣ የሚነደው ዕቃ ክብደት ከእሳቱ ብርታት ጋር ያለውን ዝምድና በ1928 አሳተሙ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጃፓናዊው ኩኒዮ ካዋጎዌ ደግሞ የእሳቱን ፍጥነት ብዙ ጊዜ የሚወስነው መስኮቱ መሆኑን አሳዩ። ቀመራቸው ለማንም የሚገባ ነው። የመስኮቱን ስፋት በካሬ ሜትር ወስደህ በቁመቱ ካሬ ሥር ታባዛዋለህ፤ ያንን በ5.5 ስታባዛው በየደቂቃው የሚነደውን እንጨት በኪሎ ግራም ይሰጥሃል። ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነ መስኮት በደቂቃ 31 ኪሎ ያህል ያነዳል። ወርዱ አራት፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ መስኮት ስፋቱ ያው አራት ካሬ ሜትር ሆኖ ሳለ 22 ኪሎ ብቻ ያነዳል። አየሩ በታች ገብቶ ጭሱ በላይ ስለሚወጣ ረጅሙ መስኮት የበለጠ ይተነፍሳል። ስዊድን ውስጥ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ኡቬ ፔተርሰንና ባልደረቦቻቸው ይህን ሐሳብ አዳብረው በ1976 የብረት ሕንፃ የእሳት ንድፍ መመሪያ አደረጉት። በ2012 ደግሞ ጊየርሞ ሬይንና ጄሚ ስተርን-ጎትፍሪድ፣ በዘመኑ ሰፋፊ ቢሮዎች ውስጥ እሳት ሁሉንም ቦታ በአንድ ጊዜ እንደማያነድና ከጥግ ወደ ጥግ እየተጓዘ እንደሚሄድ የሚያሰላ ዘዴ አቀረቡ። ከኢንግበርግ እስከዚህ ሰማንያ አራት ዓመት ነው። አንዱ የጀመረውን ክር ሌላው እየተቀበለ ባይቀጥለው ኖሮ ክሩ መሀል ላይ በተበጠሰ ነበር።

ሁለተኛውን ጉድለት፣ ማለትም የቁራጩንና የሙሉውን ሕንፃ ልዩነት፣ ያጋለጠው ብሮድጌት ነው። ልዩነቱን በሙከራ ማየት የተቻለው ግን በኋላ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ካርዲንግተን በሚባል ቦታ ለአየር መርከቦች በተሠራ ግዙፍ መጠለያ ጣሪያ ሥር፣ 33 ሜትር የሚረዝም ባለ ስምንት ፎቅ የብረት ሕንፃ ለሙከራ ተገነባ። ወለሎቹ 45 በ21 ሜትር ስፋት ነበራቸው፤ የሰውንና የዕቃን ክብደት እንዲተኩ የአሸዋ ከረጢቶች ተደረደሩባቸው። በ1995 እና በ1996 ስድስት ጊዜ በእሳት ተፈተነ። በአንዱ ሙከራ ክፍሉ በጠረጴዛ፣ በኮምፒውተርና በወረቀት ተሞልቶ እንደ እውነተኛ ቢሮ ተቃጠለ። ምሰሶዎቹ ልባስ ነበራቸው፤ ቢሞቹ (ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ ብረቶች) ግን ራቁታቸውን ነበሩ። የቢሞቹ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ አለፈ፤ በዚያ ሙቀት ብረት የሚቀረው ጥንካሬ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ወለሉ ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ረገበ፤ አልወደቀም። በሌላው ሙከራ ደግሞ የምሰሶዎቹ አናት ያለ ልባስ ቀርቶ ስለነበር ምሰሶው ተጨፍልቆ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል አጠረ። ሁለቱ ውጤቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርቱ ግልጽ ይሆናል፤ ቢም ቢደክም ሸክሙን የሚረከብለት አለ፣ ምሰሶ ሲደክም ግን ምትኩን ማግኘት እጅግ ይከብዳል።

ቢሞቹ ከደከሙ በኋላ ሸክሙን የተረከበው ሶሌታው፣ ማለትም የወለሉ አርማታ ነው። ሶሌታ በጣም ሲረግብ ጠባዩን ይለውጣል። አራት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው እህል እንደሚሸከሙበት ሸራ መሀሉ ይወጠራል፤ ዙሪያው ደግሞ እንደ ቀለበት እየተጨመቀ የተወጠረውን መሀል ይይዛል። በውስጡ ያለው ፌሮ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ በአርማታው ስለተሸፈነ፣ ውጥረቱን ይችላል። ኮሊን ቤይሊ ይህን ጠባይ ወደ ንድፍ ዘዴ ቀየሩት፤ በዚህም የትኛው ቢም ያለ ልባስ ቢቀር ችግር እንደሌለው፣ የትኛው ግን የግድ መሸፈን እንዳለበት ማስላት ተቻለ። በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አሲፍ ኡስማኒ፣ ማይክል ሮተርና ባልደረቦቻቸው የካርዲንግተንን መረጃ ለዓመታት ከመረመሩ በኋላ በ2001 ሥር ነቀል መደምደሚያ አቀረቡ። እሳት በያዘው ሕንፃ ውስጥ መጀመሪያ ትልቁን ሚና የሚጫወተው የብረቱ መድከም ሳይሆን መስፋፋቱ ነው ብለው ተከራከሩ። ዘጠኝ ሜትር የሚረዝም ቢም በ600 ዲግሪ ቢግል ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። በእቶን ውስጥ ጫፉ ነፃ ስለሆነ ይህ መርዘም ማንንም አይጎዳም። በሕንፃ ውስጥ ግን ግራና ቀኙ ተይዟል፤ ወይ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ወይ ራሱ ይጎብጣል። መጉበጡ አንዳንዴ ያድናል፤ የረገበው ወለል እንደ ሸራ የሚሸከመው ከጎበጠ በኋላ ነውና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው የማይችለውን ሕንፃው ተባብሮ ይችለዋል።

ይሁን እንጂ ያው ትስስር አንዳንዴ ይገድላል። ኒውዮርክ ውስጥ የዓለም ንግድ ማዕከል ቁጥር 7 የተባለው ባለ 47 ፎቅ ሕንፃ አውሮፕላን አልመታውም። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከአጠገቡ ከፈረሰው ሕንፃ የተወረወረ ፍርስራሽ እሳት ለኮሰበት፤ የከተማው የውኃ መስመር ስለተሰበረ በታችኞቹ ፎቆች የውኃ መርጫው አልሠራም። ሰባት ሰዓት ያህል ነዶ ከቀትር በኋላ በ11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ ወደቀ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ የወለል ቢሞች በሙቀት ረዝመው አንዱን ዋና ተሸካሚ ከተቀመጠበት መደገፊያ ገፍተው እንዳወረዱት፣ ከዚያም ወለሎች ተከታትለው ወድቀው 79 ቁጥር የተሰጠው ምሰሶ ደጋፊ አጥቶ እንደታጠፈ ደመደመ። ረጅም ሕንፃ በዋናነት በእሳት ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ የታወቀው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቢሞቹን ያስረዘመው ሙቀት ንድፍ አውጪዎች አደገኛ ብለው ከሚያስቡት በመቶዎች ዲግሪ ያነሰ ነበር። ካርዲንግተንን ያዳነውና ይህን ሕንፃ የጣለው ሥነ ፍጥረታዊ ሕግ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቢሙ ሲረዝም የሚገፋው ነገር ምን እንደሆነና መገጣጠሚያው እንዴት እንደተሠራ ነው።

እንግዲህ በዚህ መስክ የተመራማሪ ሕይወት ምን እንደሚመስል እናስብ። ዶክትሬት የሚሠራ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ዓመት አለው። የምርምር ገንዘብም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለሦስት ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውጤት ማሳየት ያለበት ሰው አንድ ቢም እቶን ውስጥ አግብቶ፣ ለክቶ፣ ጽሑፍ ማውጣት ይቀለዋል፤ ሙሉ ሕንፃ የማቃጠል ዕድል ግን በአንድ ትውልድ አንዴ ቢመጣ ነው። ካርዲንግተን ላይ የተሰበሰበው መረጃ ዛሬም ድረስ አዳዲስ ስሌቶች የሚመዘኑበት ለዚህ ነው። ማርጋሬት ሎው በ1950ዎቹ በእንግሊዝ የእሳት ምርምር ጣቢያ ገብተው ከሃያ ዓመት በላይ ከመረመሩ በኋላ በ1974 ወደ አሩፕ የምሕንድስና ድርጅት ሄዱ፤ የእሳት ቀመሮችን ካወጣው ትውልድ የወጣ ሰው ራሱ ቀመሮቹን ወደ እውነተኛ ሕንፃ ወሰዳቸው ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በታተመ ጽሑፍ ብዛት ሲለካ ጎልቶ አይታይም። በደረጃ ኮሚቴ ውስጥ ስለ አንዲት ቁጥር ለዓመታት መከራከር ለማዕረግ ዕድገት ብዙም አይጠቅምም። ግን የነገው ሕንፃ የሚሠራው በዚያች ቁጥር ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣ የመጀመሪያው ተቃውሞ ክብደት አለው። በእሳት የሚሞት ሰው በአብዛኛው የሚሞተው በጭስ ነው፤ ታዲያ ለሕንፃው አጽም ይህን ያህል መድከም ለምን? ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር በጁን 2017 ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሲያልቁ የአርማታ አጽሙ አልወደቀም፤ ሰው የጨረሰው በውጪው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ተቀጣጣይ ልባስና ጭሱ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስለ ጭስና ስለ መውጫ የሚጠኑ ጥናቶችም ቅድሚያ ይገባቸዋል። ነገር ግን ሰው ከጭስ የሚያመልጥበት ደረጃ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚወጣበት ፎቅ ሁሉ በዚያው አጽም ላይ የተንጠለጠለ ነው። በጃንዋሪ 2017 ቴህራን ውስጥ ፕላስኮ የተባለው ባለ 17 ፎቅ ሕንፃ ሲወድቅ ውስጡ ከነበሩት ብዙዎቹ እሳቱን ለማጥፋት የገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። አጽሙ ቆሞ መቆየቱ የሚታየን ሲጎድል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ነገሩን ለማቃለል ይሞክራል፤ ብረቱን ሁሉ ወፍራም ልባስ አልብሰን ለምን አንገላገልም? የቁጥር 7 ሕንፃ መልስ ይሰጣል። ቢሞቹ ልባስ ነበራቸው። ልባሱ ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ቢሙን ለመድከም ሳይደርስ ሊያስረዝመው የሚበቃ ሙቀት ደግሞ ጥቂት ነው። መፍትሔው መገጣጠሚያውን ማስተካከል በሆነበት ቦታ ልባስ መደረብ ገንዘብ አፍስሶ የሐሰት እርግጠኝነት መግዛት ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ዘመናዊ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያስላው ይላል። በጁላይ 2006 ግላስጎው ውስጥ ዳልማርኖክ በተባለ ሰፈር ሊፈርስ በተቃረበ ባለ 23 ፎቅ መኖሪያ ቤት ውስጥ የኤድንበርግ ተመራማሪዎች አንድ ክፍል አቃጠሉ። ከመቃጠሉ በፊት የተለያዩ የባለሙያ ቡድኖች ክፍሉ ምን ዓይነት እሳት እንደሚነድበት በኮምፒውተር እንዲተነብዩ ተጠይቀው ነበር። ስለ ክፍሉ የተሰጣቸው መረጃ አንድ ዓይነት ነበር፤ ትንበያዎቹ ግን እርስ በርሳቸው ሰማይና ምድር ሆኑ። ፕሮግራሙ የሚመልሰው ተጠቃሚው ያስገባውን ግምት ነው። የትኛው ግምት ከእውነት እንደሚርቅ የሚያውቀው ብዙ እሳት ያየ፣ ብዙ ውጤት ያነጻጸረ ሰው ነው።

የመጨረሻውና ለእኛ የሚቀርበው ተቃውሞ፣ ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በ2015 የተቀበለቻቸው የግንባታ ስታንዳርዶች የተመሠረቱት በአውሮፓ ዩሮኮድ ላይ ስለሆነ፣ ከላይ የተነገረው የምርምር ታሪክ ተጠቅልሎ እጃችን ገብቷል። በዩሮኮዱ ሠንጠረዥ መሠረት አንድ ተራ ሶሌታ የአንድ ሰዓት እሳት እንዲችል 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል፤ የፌሮው መሀል ከሥረኛው ገጽ 2 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ለሁለት ሰዓት ውፍረቱ 12፣ ርቀቱ 4 ይሆናል። አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ከፌሮው ሥር የምትቀመጠው ትንሽ የሲሚንቶ ቁራጭ የምትሠራው ይህንኑ ርቀት መጠበቅ ነው። ተረግጣ ብትሰበር ወይም ብትረሳ ፌሮው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሶሌታው ከውጪ ሲታይ ምንም ባይጎድለውም ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ሰዓት አጥቷል።

ሠንጠረዡ ግን የተሰላው ለተወሰነ አርማታ ነው። መነሻው ኳርትዝ የበዛበት ጠጠር ነው፤ በኖራ ድንጋይ ለሚሠራው ደግሞ የተለየ ነገር ይጠቅሳል። አዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት የሚፈጨው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከሁለቱም አይመደብም። ባዛልት በሙቀት የሚሰፋው ከኳርትዝ ስለሚያንስ ሠንጠረዡ ለእኛ ይበልጥ ጥንቃቄ የተሞላበት ሊሆን ይችላል፤ ይህን በመለካት አረጋግጦ የሚጽፍ ሰው ግን ያስፈልጋል። በኮንዶሚኒየም ግንባታ የተለመደው፣ ቀድሞ ከተሠራ ቢምና ከብሎኬት የሚገጣጠመው ሶሌታ ሲረግብ እንደ ካርዲንግተኑ ወለል እንደ ሸራ ይወጠራል ወይስ ብሎኬቱ እየረገፈ ቢሙን ያጋልጣል? ይህን ጥያቄ ለንደን የሚመልስልን የለም፤ እነሱ እንዲህ አይገነቡም። በኦክቶበር 2024 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል እንደታየው፣ የገበያ ሕንፃዎቻችን የሚይዙት ጨርቅና ፕላስቲክ ኢንግበርግ ከለኩት የወረቀትና የእንጨት ቢሮ የተለየ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት ጥሩ ምክር የሚሆነው ቅጠሉ አስቀድሞ እጅ ላይ ሲኖር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጣው ምክር ግዙፍ ላቦራቶሪ ነገ ይገንባ የሚል አይደለም። ካዋጎዌ መስኮት ለኩ፤ ኢንግበርግ ዕቃ መዘኑ። በአንድ ክፍለ ትምህርት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው የራሳችንን ጠጠር በትንሽ እቶን እያጋየ ጥንካሬውን ቢለካ፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ ቃጠሎ በኋላ ከእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች ጋር ገብቶ የረገበውን ወለልና የተሰነጠቀውን ምሰሶ ቢመዘግብ፣ ይህንንም ለሦስት ዓመት ሳይሆን ለሠላሳ ዓመት እንዲሠራ ደመወዝና ማዕረግ ቢጠበቅለት ይበቃል። የብሮድጌት ሕንፃ ሲቃጠል የረገበውን ተሸካሚ አይቶ “ለምን አልወደቀም?” የሚል ሰው ነበር። እኛም ዘንድ ከቃጠሎ በኋላ የቆመ ሕንፃ ብዙ ነው፤ ቀለም ተቀብቶ፣ ስንጥቁ ተለስኖ፣ ሳይጠየቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከቀለሙ በፊት ሜትር ይዞ የሚገባ ሰው ሲኖረን ያች የ2 እና የ4 ሴንቲ ሜትር ቁጥር የራሳችን ትሆናለች።